መርዝ በበረዶ ይዤ፣ ከደብረ ብርሃን አርባ ምንጭ

በእድሩ ድንኳን ሥር ተቀምጣችሁ «የወልዴ እጅ ከእንግዲህ አይፈታም» ስትሉ ሰምቻችኋለሁ። ስትሮኩ ጆሮዬን አልነካውም። ስለዚህ ይህን አንብቡት። ማንበብ የማትችሉ ደግሞ አስነብቡት፤ እኔም እስከ ሃምሳ ዓመቴ ሳስነብብ ነው የኖርኩት። አርባ ምንጭን መቼም አታዩትም። ከእናንተ ውስጥ ሸኖን አልፎ የማያውቅ ስንት ሰው እንዳለ አሳምሬ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ እጄ ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ጣለኝ። እግሬ ተመለሰ፤ አፌም ተመለሰ፣ አፉ ባይመለስ ይሻል ነበር የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቀኝ እጄ ግን ክርኑ ታጥፎ፣ መዳፉ ተጨብጦ ደረቴ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ጥፍሬ መዳፌን ይወጋኛል። ውስጡ ያልበዋል፣ ይሸታል። ልጄ ልታጥበው ጣቶቼን አንድ በአንድ ስትፈለቅቅ የምጮኸውን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ስትሮኩ ሲይዘኝ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነበር። ይህን አልነገርኳችሁም። ታናሽ ወንድሜን ደምሴን የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። አባታችን አንዱን ለትምህርት፣ አንዱን ለሞፈር ሲመድብ ሞፈሩ ለእኔ ደረሰ። እሱ መምህር ሆኖ ጋሞ አገር ተመደበና እዚያው አግብቶ ቀረ። ከዚያ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ። አንዱንም አላስነበብኩም፤ ሌላ ሰው የወንድሜን ቃል ሲያነብልኝ ፊቴን እንዲያይ አልፈለግኩም። ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኳቸው። በዘበኝነት የምጠብቀው ትምህርት ቤት ማታ ማታ ጎልማሳ ማስተማር ሲጀምር ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ፣ ከዚያ ሣጥኑን ከፈትኩ። ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ «ጋሼ፣ እዚህ የማታ ትምህርት ተከፍቷል። ና፣ እኔ ራሴ አስተምርሃለሁ» ይላል። አሥራ አምስት ዓመት ሣጥን ውስጥ የተኛ «ና»!

አንብቤም አልመለስኩለትም። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ ብቻ ተናደድኩ። ስልክ አለ፣ «ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ» እንባባላለን፤ ስለ ደብዳቤዎቹ ግን ትንፍሽ ብለን አናውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን እልኬ ወጣልኝና ወረቀት አወጣሁ። «ለወንድሜ ለመምህር ደምሴ። እንደምን ሰነበትክ። እኔ» ብዬ ሳልጨርስ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ፣ እኔም ተከተልኩት። «እኔ» ላይ ነው የቀረሁት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ አኖርኩት።

በግራህ ለምን አትጨርሰውም ትሉ ይሆናል። ይህን አሁን የምታነቡትን በግራዬ ነው የጻፍኩት፤ ለእናንተ ይበቃችኋል። ለወንድሜ ግን በግራ እጅ መልስ አልሰጥም።

ታዲያ ባለፈው ደምሴ ልጄ ጋ ደወለ። አርባ ምንጭ አንዲት ዶክተር የተወጠረ ጡንቻ የሚያላላ መርፌ ትወጋለች፣ ጋሼን ላኪው፤ መድኃኒቱ ግን እዚህ ስለማይገኝ አዲስ አበባ ገዝቶ በበረዶ ይዞት ይምጣ አለ። ልጄ ሻንጣዬን እኔ እሺ ሳልል አዘጋጀችው።

አንደኛ ቀን

ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ወጣሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ኮት፣ ጋቢ፣ የሱፍ ኮፍያ። ይህን ልብስ አስታውሱልኝ፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

አዲስ አበባ ፋርማሲ ገባሁ። ባለሙያዋ ልጅ ወረቀቴን አየችና የጣት አንጓ የምታክል ብልቃጥ አወጣችልኝ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየኋት። ውስጧ ምንም የለም።

«ልጄ፣ ይሄ ባዶ ነው።»

«አለ አባባ፣ ከማነሱ የተነሣ በዓይን አይታይም። ዶክተሯ ውኃ ጨምራ ትበጠብጠዋለች። አሁን ከቅዝቃዜ እንዳይወጣ። በረዶው ራሱ ደግሞ እንዳይነካው። እንዳይናወጥም።»

«ለመሆኑ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ግራና ቀኝ አየች። «ቦቱሊነም ቶክሲን ይባላል። በደንብ ሳይዘጋጅ የታሸገ ምግብ ሲበላሽ ውስጡ የሚበቅል ተሕዋስ አለ፣ እሱ የሚሠራው ነው።»

«ማለት?»

«ማለት... መርዝ ነው። በጣም በጣም በጥቂቱ ሲሰጥ ግን የተወጠረውን ጡንቻ ያላላዋል።»

የአማቴን ጠላ ሃያ ዓመት ጠጥቼ አልሞትኩም፣ ስጪኝ አልኳት። በጥጥና በላስቲክ ጠቅልላ፣ በሰማያዊ የበረዶ ሣጥን አድርጋ ሰጠችኝ። አውቶቡስ ተራው አጠገብ አልጋ ያዝኩ። ሰፈሩ ጁስ ቤት አያጣም፣ በረዶ አስጨመርኩና ሣጥኑን አቅፌ ተኛሁ። ሚስቴን እንኳ እንዲያ አቅፌ አላውቅም።

ሁለተኛ ቀን

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ተነሣ። ከጎኔ ማርታ የሚባሉ፣ ሶዶ ከተማ አልጋ ቤት ያላቸው ወፍራም ሴት ተቀመጡ። ገና ከከተማ ሳንወጣ የት እንደምሄድ፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ፣ እጄ ምን እንደሆነ ጠይቀው ጨረሱ። ሣጥኑ ግን ጭኔ ላይ ሆኖ አላስቻላቸውም።

«ጠበል ነው?»

«አይደለም።»

«ቅቤ ነው?»

«አይደለም።»

አልነገርኳቸውም። የሰው ነገር ማወቅ የሚወድ ሰው ትንሽ ሲቃጠል ደስ ይለኛል።

ቡታጅራን አልፈን ኬላ ላይ ቆምን። አንድ ወጣት ፖሊስ ገብቶ ሻንጣ እየነካካ መጣና ሣጥኔ ላይ ቆመ።

«ምን አለበት አባት?»

ውሸት አልወድም። «መርዝ» አልኩት።

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሣ። በሩ ሞልቶ ረዳቱ በመስኮት ዘለለ። ማርታ ያን ሁሉ ሰውነት ይዘው እንዴት ከሁሉ ቀድመው እንደወረዱ ዛሬም አልገባኝም። ሾፌሩ ቁልፉን ነቅሎ ሄዷል፤ አውቶቡሱን ማን እንዳይሰርቅበት እንደሆነ እንጃ።

ፖሊሱ ብቻ ቀረ። ጀግና ልጅ ነው። «አባት፣ ቀስ ብለው መሬት ያስቀምጡት» አለኝ።

«አላስቀምጥም፣ እንዳይናወጥ ተብያለሁ።»

ልጁ ላቡ ተንቆረቆረ። ኋላ የሐኪም ወረቀቴን ከኪሴ አውጣ አልኩት። አነበበው፣ ደገመው፣ ከዚያ ሣቁን መቆጣጠር አቅቶት ወንበር ላይ ተቀመጠ። «አባት፣ ይሄ እኮ ሀብታም ሴቶች ፊታቸው እንዳይጨማደድ የሚወጉት ነው!»

«እኔ ለፊቴ አይደለም። መጨማደዴን ለፍቼ ያገኘሁት ነው፣ አልሰጥም። ለእጄ ነው።»

በመስኮት ሆኖ ለተሳፋሪው ሁሉ አስረዳ። ተመልሰው ገቡ፣ ግን ከጎኔ የሚቀመጥ ጠፋ። ማርታም ወደ ኋላ ተዛወሩ። እስከ ሆሳዕና ሁለት ወንበር ለብቻዬ ይዤ ተንፈላስሼ ሄድኩ። ለረጅም መንገድ መርዝ ያዙ እላችኋለሁ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ከሆሳዕና ወጣ እንዳልን አውቶቡሱ የሞተሩ ቺንጋ ተበጥሶ ቆመ። ፀሐዩ የእኛን አገር ፀሐይ አይመስልም፤ የኛ ያበራል፣ ይሄኛው ያበስላል። ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ተበተነ፣ እኔ ሣጥኑን ከፍቼ በረዶው ውኃ ሲሆን አያለሁ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ብልቃጧ ከሞቀች እንዲሁ ወደ ቤቴ መመለስ ብቻ ነው። ያኔ ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ ብቻ ማርታ ከዛፉ ሥር ተነሥተው መጡ።

«ቀለጠ?»

«እየቀለጠ ነው።»

ነጠላቸውን ፈተው በሁለት እጃቸው ዘርግተው አስፋልቱ መሐል ቆሙ። ከአርባ ምንጭ በኩል አንድ ጭነት መኪና እየጮኸ መጥቶ ክንድ ሲቀራቸው ቆመ።

«እናቴ፣ ልትሞቺ ነው እንዴ?»

«በረዶ ስጠን!»

«ዓሣ ነው የጫንኩት!»

«ዓሣህን ያዝ፣ በረዶህን ስጠን! በሽተኛ ሰው ነው!»

ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን ከፈተና በአካፋ ሣጥኔን ሞላልኝ። ብልቃጧን በላስቲኳ ላይ ሌላ ላስቲክ ደርበንላት መሐል ቀበርናት። አንድ ቆሮሶ ዓሣም ከበረዶው ጋር አብሮ ገባ። ላወጣው ስል ሾፌሩ «ተወው፣ ምርቃት ነው» ብሎኝ ሄደ።

ቺንጋው ተቀይሮ ሶዶ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር በማርታ አልጋ ቤት አደርኩ። ከማቀዝቀዣቸው አንድ ረድፍ ለስላሳ አውጥተው ሣጥኔን አስገቡ፣ ቆልፈው ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩ። ከዚያ እጃቸውን ማቀዝቀዣው ላይ ጭነው «በኢየሱስ ስም!» እያሉ ጮክ ብለው ጸለዩለት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ለመርዝ ግን ማንም ቢጸልይለት አልከፋም። ራት ቆጮ በቅቤና ዳጣ ቀረበ። ዳጣ የኛን አዋዜ እንደ ሕፃን ምግብ ያስቆጥረዋል። እጅ ሊያስታጥቡኝ ሲመጡ እንደ ልማዴ ግራዬን ብቻ ሰጠሁ። አንድም ነገር ሳይሉ ማንኪያ አምጥተው አጠገቤ አኖሩልኝ። ቤቴ ውስጥ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እናንተ ለማዕድ ስትመጡ ያንን ግራ እጄን ስታዩ ነው የኖራችሁት።

ሦስተኛ ቀን

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ቁልቁል ነው። አባያ የሚሉትን ሐይቅ አየሁት፤ ቀይ ነው፣ ክረምት ላይ እንደሞላው ወንዛችን፣ እንደ በሬሳ፣ ብቻ ዳር የለውም። ጫኖ ስንደርስ ግራ ቀኙ ማንጎና ሙዝ ሆነ። እኛ ማንጎ ፍሬ በፍሬ እንገዛለን፤ እዚያ መሬት ላይ ወድቆ ፍየል አልበላም ይለዋል።

ሲቀላ በሚሉት ታችኛው ከተማ አውቶቡስ ተራ ላይ ስወርድ ያ ኮት፣ ያ ጋቢ፣ ያ የሱፍ ኮፍያ ላዬ ላይ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ከበቡኝ። «አባባ፣ ከየት ነው? ከበረዶ አገር?» አለኝ አንዱ። «አዎ፣ ይዤላችሁ መጥቻለሁ» ብዬ ሣጥኑን አሳየሁት።

ደምሴን በአካሄዱ አወቅሁት። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እናታችን ስትቀበር ነው። ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ የኔን አየና ሁለተኛውንም ጨምሮ ጭብጤን በሁለት እጁ ያዘው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ አሸተተና፦

«ጋሼ፣ ዓሣ ዓሣ ትላለህ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ተለይተን የምትለኝ ይሄን ነው?»

እዚያው መናኸሪያው መሐል ሆዳችንን ይዘን ሣቅን። በሚኒባስ ወደ ሴቻ ወጣን። ሴቻ ላይኛው ከተማ ነው፣ ነፋስ አለው፤ ቤቱም እዚያ ነው። ሚስቱ አበራሽ የጨንቻ ልጅ ናት፣ ከበላይ ከደጋው። ብርድ የምታውቅ ሴት ስለሆነች ኮቴን ስታይ አልሣቀችም። ቆሮሶውን ተቀብላ፣ ሣጥኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታ፣ ዓሣውን ጠበሰችው። የሽፈራው ቅጠል እንደ ጎመን ቀቅላ አጠገቡ አቀረበች። ጎረቤታቸው አቶ ካልሳ ሊጠይቁኝ መጡ፤ ቀጭን፣ ረጅም የጋሞ ሽማግሌ፣ ወሬ የማያበዙ። ዓሣውን ከኔ እኩል በሉት።

አራተኛ ቀን

ዶክተሯ የልጄ እኩያ ናት። ሣጥኑን ስትከፍት አፍንጫዋን ያዘች። «ከየት ነው የመጣው ይሄ?» ታሪኩን ነገርኳት። ብልቃጧን ገልብጣ መረመረች፣ ሙቀት መለኪያ ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። «ቅዝቃዜው ልክ ነው። ሽታው ግን ከኔ ጋር ወር ይቆያል።»

እጄን ያዘችና ቀስ ብላ ልትዘረጋው ሞከረች። አልዘረጋም። ከዚያ ያለ ማስመሰል ነገረችኝ፤ ለዚህ ነው የወደድኳት። «አባባ፣ ይሄ መርፌ ስትሮኩን አያድነውም። አንጎልዎ ጡንቻውን ‹ጨብጥ፣ ጨብጥ› እያለ ያለ እረፍት ያዘዋል። መድኃኒቱ ትእዛዙ እንዳይደርስ ያደርጋል። ሦስት ወር ያህል ይቆያል፣ ከዚያ ይለቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እጁን የሚያሠሩት እርስዎ ነዎት።»

«መቼ ይፈታል?»

«በሦስት አራት ቀን የሚጀምረው አለ፣ ሁለት ሳምንት የሚፈጅበትም አለ። ስንት ይመለስልዎታል የሚለውን ግን ዛሬ ልነግርዎት አልችልም።»

የምትወጋው መዳፌን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጣቶቹን የሚስበው ክንዴ ላይ ያለው ጡንቻ ነው። ክንዴን ቅባት ቀብታ፣ እርጉዝ ሆድ በሚያዩበት ዓይነት መሣሪያ እያየች መርፌውን አስገባች። እስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ይላወሳል።

«ምንድን ነው፣ ወንድ ነው ሴት?» አልኳት።

መርፌውን አውጥታ ሣቋ እስኪያልቅ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ደምሴ ውጭ ሆኖ ምን ሆነ ብሎ በሩን ገፋ። ሌሎቹን ነጥቦች እንደገና ስትወጋ «አባባ፣ አሁን እባክዎ ዝም» ብላ ለምና ነው የጨረሰችው። ፊዚዮቴራፒስቱ ኤልያስ የሚባል የአገሩ ልጅ ነው፤ ጣቶቼን እንዴት እንደሚስቡልኝ ለደምሴ አሳየው።

ከአምስተኛ እስከ ዘጠነኛ ቀን

ጠዋት ጠዋት ቤተሰቡ ሁሉ ጭብጤን ለማየት ይሰበሰባል። አበራሽ በር ላይ፣ ደምሴ አልጋዬ ጫፍ፣ አቶ ካልሳ በአጥር በላይ። «እ?» ይላሉ። «ምንም» እላለሁ። ይበተናሉ። ደምሴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ሰዓት ይዞ ጣቶቼን ይስባል፤ አንድ ደቂቃ ቢጎድል ከመጀመሪያው።

አዞ አየህ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አየሁ። ተኝቶ ነበር። አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፣ እንደ እድራችን ጸሐፊ። አቶ ካልሳ ጫኖ ያለው እርሻቸው ወስደውኝ ማንጎ በልቼ አደርኩ፣ ጢሜ ተጣበቀ። ማታ በአጎበር ውስጥ እንደ ሙሽራ ነው የምተኛው። ሁሉም ደስ ይላል። እጄ ግን እንደ ድንጋይ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ደምሴ ሰዓቱን ይዞ ሲመጣ ፈነዳሁ።

«ተወኝ! መርዝ አስወግተኸኝ ቀረ! እኔን አምጥተህ ለጎረቤት ማሳያ አደረግከኝ!»

«ጋሼ፣ ዶክተሯ ሁለት ሳምንት ብላለች። ታገሥ።»

«ትዕግሥት የተማረ ሰው ነገር ነው። እኔ ሞፈር ነኝ!»

ሰዓቱን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ» አለኝ። «አንድ፣ አንድ መልስ አልላክህልኝም። ሞፈር መልስ አይሰጥም፣ እውነትህን ነው።»

ሻንጣዬን በግራዬ አነሣሁና ወጣሁ። የግቢውን በር በእግሬ ገፋሁት፣ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ጩኸታችንን በአጥር ሰምተው ነው መሰል፣ በሩ ላይ አቶ ካልሳ ተንበርክከዋል። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል፤ ጠሉ እንኳ አልረገፈም። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ አልፎት የሚሄድ ሰው የለም። እኛ አገር ሽማግሌ የሚያስታርቀው ተቀምጦ፣ ተዳኝቶ፣ ግማሽ ቀን ተከራክሮ ነው። እሳቸው ግን ማን ጥፋተኛ ነው ብለው አልጠየቁም።

«ይነሡ እንጂ አቶ ካልሳ፣ እኔ ነኝ ለእርስዎ መንበርከክ ያለብኝ» አልኩ።

«ጋሽ ወልዴ፣ እኔ አማርኛ ብዙ አልችልም። ሣሩ ይችላል።»

ሻንጣዬን መሬት አስቀመጥኩ። ደምሴ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል። አቶ ካልሳ ተነሥተው ሣሩን ለሁለት ከፈሉትና ግማሹን ለእሱ ሰጡት። የኔን ድርሻ በግራዬ ልቀበል ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። የተጨበጠው ጣቴ መሐል አገዳውን አንድ በአንድ ሰኩልኝ፣ ልክ እንጨት ስንጥቅ ውስጥ እንደሚሰካ። ሻንጣዬን አበራሽ ወስዳ ደብቃዋለች።

እዚያው በር ላይ ቆሜ፣ ሣር እንደያዝኩ፣ «ደብዳቤዎችህን አንብቤያቸዋለሁ» አልኩት።

«መቼ?»

«የዛሬ አሥራ አራት ዓመት።»

ደምሴ ሰማይ አየ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ሦስተኛውን አሥር ጊዜ።»

ከኮቴ ኪስ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። «እንደምን ሰነበትክ። እኔ» የሚለው ጋ ሲደርስ ገለበጠው፣ በስተጀርባው ምንም የለም። ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ኪሴ ከተተውና፣ «ያልተጠናቀቀ ሥራ አልቀበልም» አለኝ። መምህር ምን ታደርገዋለህ።

አሥረኛ ቀን

ሣሩን እስከ ማግስቱ አላወጣሁትም። እጄ ውስጥ የገባ ነገር በራሱ አይወጣም፤ በእድሩ መዋጮ ጊዜ የምትቀልዱብኝ በዚህ ነው። ጠውልጎ እንኳ ጭብጤ ውስጥ ነው።

ምሳ ቀረበ። አበራሽ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ መጣች። ግራዬን ዘረጋሁ። ውኃው ሲወርድ አንድ የደረቀ ሣር ሳፋው ላይ ሲንሳፈፍ አየሁ።

«ማን ነው ሣር የጣለው?» አልኩ ተቆጥቼ።

አንድ ሌላ ወደቀ። ከዚያ ሦስት ባንድ ጊዜ።

አበራሽ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች፤ ውኃው ምንጣፉ ላይ ይፈሳል። ደምሴ ከመቀመጫው እንደ ተማሪ ተነሣ። ቀኝ እጄን ተመለከትኩት። ትንሿ ጣቴ ከመዳፌ ተለይታለች። ቀጥላ የቀለበት ጣቴ፣ ማንም ሳይፈለቅቃት፣ ሳትወጋኝ፣ ቀስ ብላ፣ ከእንቅልፏ እንደምትነቃ። ሁሉም አልተዘረጋም፤ መሐል ጣቴና አውራ ጣቴ ግማሽ ላይ ቆሙ። ሣሩ ግን አንድም ሳይቀር ሳፋው ውስጥ ነው።

ሁለት ዓመት መዳፌን ሳልጮህ አይቼው አላውቅም ነበር። ነጭ ሆኗል፣ የሕፃን መስሏል፤ የጥፍሬ ጠባሳ አራት ቦታ አለበት። «አፍስሺበት!» አልኳት አበራሽን። አፈሰሰችበት። ውኃው መዳፌ ላይ ቆመ፣ እንደ ጉድጓድ። አይቼ አልጠግብ አልኩ። «ጨምሪ! ጨምሪ!» ወለሉ ሐይቅ ሆነ። አበራሽ እልልታዋን ስትለቀው አቶ ካልሳ አጥሩን በእግራቸው ተሻግረው መጡ፤ በዚያ ዕድሜ! ሳፋው ውስጥ ያለውን ሣር አይተው በጋሞኛ የሆነ ነገር አሉና ትከሻዬን ይዘው ማወዛወዝ ጀመሩ። እኔም ዘፈንኩ። የሰፈራችሁ ወልዴ፣ በሠርግ የማልዘፍነው ሰውዬ፣ ባዶ እግሬን ውኃ ውስጥ ዘፈንኩ።

በቀኝ እጄ እንጀራ ጠቅልዬ ለደምሴ ላጎርሰው ሞከርኩ። እጁ ተፈታ እንጂ ገና ጉልበት የለውም፤ ጉርሻው ከነወጡ ነጭ ሸሚዙ ላይ ተዘረገፈ። ሸሚዙን አላጠበውም። አበራሽ እስክትቆጣ ለሁለት ቀን ለብሶት ዋለ።

የመጨረሻው ቀን

ዶክተሯ ቀጠሮ ጻፈችልኝ። ኃይሉ ሲያልቅ እጅዎ ተመልሶ ይጨበጣል፣ ይምጡ፣ መድኃኒቱን ይዘው ይምጡ፣ ያለ ዓሣ ይምጡ አለች። ኤልያስ እስክሪብቶ ላይ ስፖንጅ ጠምጥሞ አወፈረልኝና፣ ትልቁን ነገር በትንሽ በትንሹ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በደምሴ ጠረጴዛ ላይ ሀ ሁ ስጭር ሰነበትኩ። የመጀመሪያው «ሀ» የተገለበጠ በርጩማ ነው የሚመስለው።

ሲቀላ መናኸሪያ፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። የበረዶ ሣጥኑ ማንጎ ተሞልቶ ጭኔ ላይ ነው። ደምሴ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ወረቀቱን አወጣሁ፣ ማንጎው ሣጥን ላይ ዘረጋሁት፣ ወፍራሙን እስክሪብቶ በቀኝ እጄ ያዝኩ። ረዳቱ «አባባ፣ እንሂድ እንጂ» ይላል። «ቆይ!» አልኩት። «እኔ» ከሚለው ቀጥሎ፣ ፊደሉ እያንዳንዱ ባቄላ አክሎ፣ እየተንሻፈፈ፣ ጻፍኩ፦ «ደህና ነኝ። መጥቻለሁ።»

በመስኮት፣ በቀኝ እጄ ሰጠሁት።

ቆሞ አነበበው። ባጃጆቹ እየጮኹ በጎኑ ያልፋሉ። ከደረት ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ይዞት ይዞራል። ወረቀቱን አውቶቡሱ ብረት ላይ አስደግፎ የሆነ ነገር ጻፈና ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ዘጠኝ ከአሥር።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል። አንገቴን አውጥቼ ጮህኩ፦ «አንዱን ምን አጥፍቼ ነው?»

«ሠላሳ ዓመት አዘግይተህ ነው ያስረከብከው!»